የልጅዎ ጃኬት በእርግጥ ያሞቀዋልን?

ኅዳር ሲገባ ለፈጅር ሶላት ወደ መስጂድ የሚወጣ ሰው ሁሉ የንጋቱን ብርድ ያውቀዋል። ከአባቱ ጎን እየሮጠ የሚሄደው፣ ከሶላት በኋላ ቁርኣን ሊቀራ የሚቀመጠው፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት የሚያመራው ሕፃን ግን ብርዱ ከአዋቂ ይበልጥ ይጎዳዋል። የልጅ የቆዳ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ስለሚበልጥ የሰውነቱን ሙቀት ቶሎ ያጣል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 5 ከእንስሳት የምናገኘውን ሙቀት ከጸጋዎቹ መካከል ያወሳል። ልጆች ደግሞ አማና ናቸው። ስለዚህ ለልጅ የዘወትር ጃኬት ስንገዛ ምን ማየት እንዳለብን በዚህ ወር አምዳችን እንመለከታለን።

ጃኬት ሙቀት አያመነጭም

ሙቀቱ የሚመጣው ከልጁ ሰውነት ነው። የልብሱ ሥራ በክሮቹና በድርቦቹ መካከል አየር ይዞ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ማገድ ነው። ስለዚህ ካናቴራ፣ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ደርቦ የለበሰ ልጅ፣ አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ ከለበሰው ልጅ ባልተናነሰ ሊሞቀው ይችላል።

የዚህ ሙቀት ዋነኛ ጠላት እርጥበት ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ያስተላልፋል። ጥጥ ሲረጥብ ውሃውን ይዞ ከቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሱፍ ግን ቢረጥብም በመጠኑ ያሞቃል፤ ፖሊስተር ደግሞ ቶሎ ይደርቃል።

የአገራችን ብርድ ጠባይ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደሴ፣ ደብረ ብርሃንና ባሌ ሮቤም ደገኞች ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ታጣለች። ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች የነበረው አየር እኩለ ቀን ላይ ከ20 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ጠዋት ወፍራም ካፖርት ለብሶ የወጣ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ሲሮጥ ያልበዋል። ላቡ ውስጡን ያረጥበውና ቁጭ ሲል መልሶ ይበርደዋል። ስለዚህ ለእኛ አየር የሚስማማው ልጁ ራሱ ሊያወልቀውና በቦርሳው ሊከተው የሚችል ቀለል ያለ ጃኬት፣ ከሥሩም ሹራብ ነው። ሲሞቀው አንዱን እንዲያወልቅ ያስተምሩት። ክረምት ላይ ግን ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያስፈልገዋል።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

• ልጁን ሹራብ አልብሰው ይለኩት። እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ወገቡ መጋለጥ የለበትም። “ያድግበታል” ብለው እጅግ ሰፊ ከገዙለት ነፋስ ከሥር ይገባል፤ ጠባብ ከሆነም በመካከል አየር የሚይዝበት ቦታ አይኖርም።

• ጨርቁን ከአፍዎ አስጠግተው እፍ ይበሉበት። ትንፋሽዎ በቀላሉ ካለፈ ነፋስም ያልፋል።

• ገበሩንና ሙሊቱን ጨመቅ አድርገው ይልቀቁ። ወዲያው ካበጠ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ተጠቅልሎ ሌላው ቦታ ባዶ ከሆነ ይተዉት።

• እጅጌው እስከ ክርን በላይ መሰብሰብ መቻሉን ይዩ። እጅጌው ጠባብ ከሆነ ልጁ ዉዱእ ሲያደርግ ይረጥብና እስኪደርቅ ድረስ ይበርደዋል። ከዉዱእ በኋላ እጁንና እግሩን በፎጣ ማድረቅን ያስለምዱት።

• በኮፍያው ዙሪያ የሚንጠለጠል ገመድ ካለ ያውጡት፤ ሲጫወት ተይዞ አንገቱን ሊያንቀው ይችላል።

• ፈካ ያለ ቀለም ይምረጡ። ጎህ ሳይቀድ መንገድ የሚያቋርጥን ልጅ ሾፌር በቶሎ እንዲያየው ይረዳል።

ልባሽ ከሆነ

ልባሽ ጃኬት መግዛት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ጥራቱ ከአዲሱ የሚበልጥም ይገኛል። ሆኖም የሰውነት ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ይደበቃል፤ ተስቦንና ግርሻንም ያስተላልፋል። ስለዚህ ልጁ ከመልበሱ በፊት ጨርቁ የሚችለውን ያህል በሞቀ ውሃ ይጠቡት፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ያድርቁት፣ ስፌቱንም ጨርቁ በሚፈቅደው መጠን ይተኩሱት።

ጃኬት የማይተካው ነገር

ብዙዎቻችን ልጅ ሲያስል “ብርድ መታው” ብለን ልብስ እንደራርብበታለን። ነገር ግን የሳንባ ምች የሚመጣው በባክቴሪያና በቫይረስ ነው፤ ጃኬት አያድነውም። እንዲያውም ትኩሳት ያለበትን ልጅ አብዝቶ መጠቅለል ሙቀቱን ይጨምርበታል፤ የደረቱን አተነፋፈስ እንዳናይም ይሸፍንብናል።

ልጁ ካሳለ ወይም ካተኮሰው ልብሱን ገልጠው፣ ረጋ ባለበት ሰዓት ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

በመጨረሻም ልጅዎ ያደገበትን ጃኬት በቁም ሣጥን ውስጥ አያስቀሩት። አጥበው፣ ዚፑ ተበላሽቶ ከሆነ አሠርተው፣ ለየቲም ወይም ለጎረቤት ልጅ በሰደቃ ይስጡት። በዚያው በፈጅር ብርድ ያለ ጃኬት ወደ መድረሳ የሚሄድ ልጅ በየሰፈራችን አይጠፋምና። አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። አሚን።