ሰም የሚተፋው ማተሚያና የሙቀቱ ልክ

በአጅባርም ሆነ በመካነ ሰላም አካባቢ ያደገ ሰው ጧፍ ሲሠራ ሳያይ አይቀርም። ሰሙ ይቀልጣል፤ የጥጡ ፈትል ይነከርበታል። እሳቱ ሲያንስ ሰሙ እየጓጎለ በፈትሉ ላይ ይከመራል፤ ሲበዛ ደግሞ ይቀጥንና ፈትሉን ሳይዝ ይወርዳል። ብዙ ሰዓት እሳት ላይ የቆየ ሰምም ይጠቁራል፣ ሽታው ይለወጣል። እኛ ከዚያው አገር የመጣን እጩ መምህራን ይህን የምናነሳው ያለ ነገር አይደለም። በዚሁ በሰም ጠባይ የሚሠራ ማተሚያ መኪና ስላለ ነው።

የተለመደው ቀለም የሚረጭ ማተሚያ ፈሳሽ ቀለም ይጠቀማል። የዚህኛው ቀለም ግን እንደ ሕፃናት የሰም ከለር ደረቅ ነው። ከሰምና ሙጫ ከመሰሉ ነገሮች ይሠራል፤ በመኪናው ውስጥ ቀልጦ ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ይተፋል፤ ወረቀት ሲነካ ወዲያው ይረጋል። የአሜሪካው ቴክትሮኒክስ ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ፌዘር 3 የተባለውን የዚህ ዓይነት ማተሚያ ለገበያ አቀረበ። በ2000 እ.ኤ.አ. ዜሮክስ የማተሚያ ክፍሉን ገዝቶ ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ቆይቶ ኋላ ተወው። ይሁን እንጂ ዘዴው አልሞተም፤ ዛሬ ለወርቅ አንጥረኞች የሰም ሞዴል የሚሠሩ መኪናዎች በዚሁ መንገድ ሰም ይተፋሉ።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ቀለሙ በቀጭን ቀዳዳ እንዲያልፍ በደንብ መቅጠን አለበት። ለዚህም ብዙዎቹ መኪናዎች ከ110 እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቁታል። ትንሽ ከበረደ ይወፍርና ጠብታው አይወጣም፣ ቢወጣም ያንሳል። ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ ጠብታው ይተልቃል፤ ያለ ትእዛዝ የሚንጠባጠብበትም ጊዜ አለ። ከዚህ የባሰው ግን ቀለሙን ያቀጠነው ሙቀት ራሱ ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። እንደ ጧፉ ሰም ነው፤ ሲውል ሲያድር ቀለሙ ይለወጣል፣ ይወፍራል።

መሐንዲሶቹ ያገኙት መላ በእኛ አስተያየት ብልህ ነው። ሁሉንም ቀለም በአንድ ሙቀት አያቆዩም። በማጠራቀሚያው ያለው ብዙው ቀለም ከመቅለጫው ልክ ትንሽ ከፍ ብሎ ብቻ ይቀመጣል። ወደ ማተሚያው ራስ የሚገባው ጥቂቱ ግን እዚያ ሲደርስ እስከ ሥራው ሙቀት ይሞቃል፤ ሥራ ሲቆም የራሱም ሙቀት ዝቅ ይደረጋል። ማንም ባለ ሞያ ሴት ወጡን ሁሉ ቀኑን ሙሉ እያንተከተከች አታቆየውም፤ ለሚበላው ያህል ታሞቃለች።

ሙቀቱን የሚጠብቀው እንዲህ ነው። በራሱ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ተቀምጧል፤ መለኪያው ያነበበውን መቆጣጠሪያው ከታዘዘው ልክ ጋር ያስተያያል፤ ካነሰ ማሞቂያውን ያበራል፣ ከበለጠ ያጠፋል። ሲሉት ቀላል ነው። ነገር ግን ብረት ሙቀት የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነው። መለኪያው «ደርሷል» ሲል ማሞቂያው ቢጠፋም፣ በውስጡ የቀረው ሙቀት ልኩን ያሳልፈዋል። ሙሉ ገጽ በቀለም የሚሞላ ሥዕል ሲታተም ደግሞ ከማጠራቀሚያው ያልጋለ ቀለም በብዛት ይገባና ራሱን ያበርደዋል፤ በፈላ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደመጨመር ነው። ስለዚህ ጥሩ መቆጣጠሪያ ሙቀቱ እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ብዙ ቀለም እንደሚፈለግ ሲያውቅ አስቀድሞ ያሞቃል። ምጣድ ላይ ሊጥ ከማፍሰሷ በፊት እሳቱን የምታስተካክል ጋጋሪም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

የመብራት ነገርም አለ። መኪናው ሲጠፋ ቀለሙ ይረጋል፣ ይኮማተራል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥም አየር ይገባል። እንደገና ሲበራ አየሩን ለማስወጣት ብዙ ቀለም ተተፍቶ ይጣላል። ስለዚህ የእነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች ሌሊትም እንዳያጠፏቸው ይመከሩ ነበር። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት ገጠር ለሚገኝ ት/ቤት ይህ መኪና ይበጃል ብለን አንመክርም።

የመጨረሻው የወረቀቱ ሙቀት ነው፤ ይህን ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። የጧፍ ቁራጭ በትንሽ ጣሳ አድርጉና ጣሳውን በፈላ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ በሆነው ደጋችን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው፤ የንብ ሰም ግን ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ይበቃል። በእንጨት ጫፍ አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ በተዘረጋ ወረቀት፣ አንድ ደግሞ በፈላ ድስት ክዳን ላይ በተዘረጋ ወረቀት ጣሉ። የመጀመሪያው ጉብ ብሎ ይረጋል፣ በጥፍር ይነሳል። ሁለተኛው ይንሰራፋል፤ ወረቀቱም ዘይት የነካው ይመስላል። ማተሚያው የሚፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው፤ ቀለሙ ወረቀቱን ይያዝ እንጂ ፊደሉ አይፍሰስ። ተማሪዎች መካከለኛውን ሙቀት ራሳቸው ይፈልጉት። ጣሳውን ግን በቀጥታ እሳት ላይ እንዳይጥዱት፤ ሰም ከልክ በላይ ሲግል በእሳት ይያያዛል።