ዋጊኖስና ወገኑ

ዋጊኖስ በጎጃምና በሌሎችም የኢትዮጵያ ከፍተኛ አገሮች፥ በደን ዳርና በሸለቆ አፋፍ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ትንሽ ዛፍ ይሆናል። የባላገር መድኃኒት ዐዋቂዎች ለተቅማጥና ለቆዳ ሕመም ይጠቀሙበታል። አባሎ የሚሉትም አሉ፤ ነገር ግን ይኸው ስም ለሌላ ወገን ዛፍ ጭምር ስለሚሰጥ፥ በስም ብቻ ተክሉን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ጎንደር ገብቶ፥ በዚያው ዓመት የዓባይን ምንጭ በግሽ አየ። በተቅማጥ ታሞ በዋጊኖስ መዳኑንም በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ተርኳል። ዘሩን ወደ አውሮፓ ስለ ወሰደ፥ ጆን ፍሬድሪክ ሚለር በ1779 ወገኑን በእርሱ ስም «ብሩሲያ» ብሎ ጠራው።

ብሩሲያ ከአሥር የማይበልጡ ዝርያዎች ያሉት ትንሽ ወገን ሲሆን፥ በአፍሪካ፥ በእስያና በሰሜን አውስትራሊያ ቆላማና ሞቃት አገሮች ጭምር ይገኛል። ቤተ ሰቡ ሲማሩባሴ ይባላል፤ ይህም ከሎሚና ከብርቱካን ቤተ ሰብ ጋር የሚቀራረብ ነው። ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ይደረደራል፤ አበባው እጅግ ትንሽ ሆኖ አራት ቅጠል አለው። ዋናው መለያ ግን እንስት አበባው አራት የተለያዩ የፍሬ ክፍሎች ስላሉት፥ ከአንድ አበባ እስከ አራት ፍሬ መውጣቱ ነው። ሊኔዎስ በ1753 የእስያውን ዝርያ ሩስ ከተባለው ወገን ቈጥሮት ነበር፤ ሜሪል በ1928 ወደ ብሩሲያ መለሰው።

የአመዳደብ ስሕተት ምን ያህል እንደሚጐዳ የሚከተለው ነገር ያስረዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ አንጎስቱራ ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ መድኃኒት ልጥ ጋር ተደባልቆ መርዛም ልጥ በአውሮፓ ተሸጠ። ሊቃውንቱ ይህ ልጥ የብሩሲያ ነው ብለው ስላመኑ፥ ፔልቲዬና ካቫንቱ በ1819 ከውስጡ ያገኙትን መርዝ «ብሩሲን» አሉት። በኋላ ሲመረመር ግን ልጡ የእስያው ስትሪክኖስ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። በዋጊኖስ ውስጥ ብሩሲን የለም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ዋጊኖስም ቢሆን የራሱ ኃይል አለው። ምሬቱ ኳሲኖይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚመጣ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ብሩሲያንቲን፥ የደም ነቀርሳን ይዋጋል ተብሎ በ1973 ተገለጠ፤ ነገር ግን በበሽተኞች ላይ ሲፈተን የተጠበቀውን ያህል ስላልረዳ ምርመራው ተቋረጠ።

ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ መካከል፥ በግንደወይን አካባቢ ዕፀዋት የሚሰበስብ ተማሪ የባላገሩን ስም ሲጽፍ፥ አበባውንና ፍሬውን ከቅርንጫፉ ጋር አድርቆ ሊያኖር ይገባዋል። ሕዝቡ የሚያውቀው መድኃኒት ከሌላው መርዝ የሚለየው በዚህ ምስክር ነውና።