ኮከቡ ሲሄድ አሰላለፉ ምን ይሆናል?

«እገሌ ለሌላ ክለብ ፈረመ!» የሚለው ወሬ አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ተነሥቶ ሴቻ እስኪደርስ ጊዜ አይፈጅም። ክረምት በገባ ቁጥር የከተማው ክለብ የአዞዎቹ ደጋፊ ሁሉ «ታዲያ ማን ይተካዋል?» ይላል። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ መንገድ ያስታል ባይ ነኝ። አሰልጣኙ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የሄደው ልጅ ሜዳ ላይ ምን ምን ይሠራ እንደነበር ነው። የሰው ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አቡበከር ናስርን እናንሣ። በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አግብቶ፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 በመብራት ኃይል ማሊያ የያዘውን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2014 አጋማሽ ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንደሚዘዋወር ተነገረ፤ የሄደው ግን ዓመቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ አጥቂ ሲሄድ የሚጎድለው ግቡ ብቻ አይደለም። ሁለት ተከላካይ እሱን ሲጠብቅ ክንፍ ላይ ያለው ጓደኛው ነፃ ይወጣ ነበር፤ አማካዩም ኳስ ሲይዝ ለማን እንደሚያቀብል ሳያስብ ያውቅ ነበር። በዚያው ክረምት ደግሞ አሰልጣኝ ካሳዬ አራጌ ከቡና ጋር ተለያየ። ከኋላ እየተቀባበሉ መውጣትን የቡድኑ መታወቂያ ያደረገው እሱ ስለነበር፣ ተተኪው አሰልጣኝ አጥቂ ብቻ ሳይሆን አጨዋወትም መፈለግ ነበረበት።

አሁን ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የዝውውር ታሪክ ያለው እዚያ ነው። የበረዶ ሆኪን አስቡት፤ በጠማማ ዱላ የሚመታ ስለሆነ ከገና ጨዋታችን ጋር ይመሳሰላል። ከግብ ጠባቂው ሌላ አምስት ሰው ይሰለፋል፤ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂ። ሩጫው ከባድ ስለሆነ ሦስቱ አጥቂዎች አንድ ደቂቃ ሳይሞላቸው ወጥተው ሌሎች ሦስት ይገባሉ። አሰልጣኙ እንዲህ እየተፈራረቁ የሚገቡ አራት ሦስትዮሾች ማዘጋጀት አለበት ማለት ነው።

የካናዳው የሆኪ ክለብ ኤድመንተን ኦይለርስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 ዌይን ግሬትስኪን ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ ሰጠ። አራት ጊዜ ዋንጫ ያስገኘላቸውን ሰው ነው! በለውጡ 15 ሚሊዮን ዶላር፣ በሦስት የተለያዩ ዓመታት ወጣት ተጫዋች በመጀመሪያ ዙር የመምረጥ መብት፣ ማርቲን ጄሊናስ የሚባል ልጅ፣ እንዲሁም በቀደመው ዓመት 55 ግብ ያገባው ጂሚ ካርሰን መጡላቸው። ካርሰን የግሬትስኪን ቦታ እንዲሸፍን ተጠበቀ፤ አልሆነለትም፤ ልቀቁኝ አለ። በኅዳር 1989 ወደ ዲትሮይት ተላከና በምትኩ አራት ተጫዋቾች መጡ። ከእነዚህ መካከል አዳም ግሬቭስና ጆ መርፊ ከጄሊናስ ጋር ተጣምረው አንድ የወጣቶች ሦስትዮሽ ሆኑ። ማርክ ሜሲየር በአምበልነት እየመራቸው በ1990 ዋንጫውን ወሰዱ። አያችሁ? አንዱን ሰው በአንድ ሰው ሊተኩ ሲሞክሩ ወደቁ፤ ሸክሙን ለብዙ ትከሻ ሲያከፋፍሉ አሸነፉ።

ሊቨርፑልም ሁለቱንም መንገድ አይቷል። አጥቂው ሉዊስ ሱዋሬዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ብዙ ሰው ገዙ፤ የሊግ ግባቸው ግን ከ101 ወደ 52 ወረደ። በጥር 2018 አማካያቸውን ኩቲኒዮን ሲሸጡ ግን እሱን የሚመስል አልፈለጉም። በዚያው ወር የተቀላቀላቸው ተከላካዩ ቫን ዳይክ ነበር፤ በክረምቱ ግብ ጠባቂው አሊሰን ተጨመረ። በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኑ።

ወደ አርባ ምንጭ ስንመለስ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በእኛ ሊግ ውል አጭር ስለሆነ ብዙ ተጫዋች ውሉን ጨርሶ ነው የሚሄደው፤ ለክለቡ እንደ ኤድመንተን 15 ሚሊዮን ዶላርም ሆነ ምትክ ተጫዋች አይቀርለትም። እንግዲህ አሰልጣኙ በእጁ ባለው ሰው ነው መሥራት ያለበት። በ4-3-3 የሚጫወት ቡድን ዋና አጥቂውን አጣ እንበል። የግራ ክንፉን ወደ መሐል ካስገባው፣ የተለቀቀውን መስመር የግራ ተከላካዩ እየወጣ ይሸፍን። እሱ ሲወጣ ከኋላ ክፍት ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ አማካይ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ይጠብቅ። ያ አማካይ ከኋላ ከቀረ ደግሞ ሌላ አማካይ ዘግይቶ ወደ ሳጥኑ መግባት ይልመድ፤ አለዚያ ከክንፍ የሚሻማውን ኳስ የሚያገኝ ሰው አይኖርም። አንድ ሰው ሄደ ብለን ስናወራ አራት ሰው ሥራው ተቀየረ ማለት ነው! ፍፁም ቅጣት ምት የሚመታው፣ በማዕዘን ምት ጊዜ ቅርቡን ቋሚ የሚይዘው፣ ከፊት ሆኖ ተጋጣሚን መጫን የሚጀምረው፣ እነዚህም በስም መመደብ አለባቸው። ለዚህ ነው በዝግጅት ጊዜ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ ውጤቱ ሳይሆን አሰላለፉ የሚታየው።

በመጪው ክረምት የዝውውር ወሬ ሲሰማ እስቲ የፈረመውን ስም ብቻ አትቁጠሩ፤ የቀሩት ልጆች ቦታቸው እንዴት እንደተቀየረ ተመልከቱ። የታዳጊ ቡድኑ ሲጫወትም ወጥታችሁ እዩ፤ ክለቡ ሳይገዛ የሚያገኘው ተተኪ ያለው እዚያ ነው።