«በአውሮፓ የተሠራ» ሲባል ምኑ ነው የአውሮፓ?
የተራራ ጫማ ላይ ይህን ጽሑፍ ካያችሁ ስለ ቆዳውና ስለ ሶሉ ለየብቻ ጠይቁ። ለምሳሌ ሰሜን ጣሊያን፣ ቬኔቶ ውስጥ ጫማው ሞንቴቤሉና ይሠራል፤ ቆዳው እዚያው ክልል፣ አርዚኛኖ ይለፋል። ርቀቱ አጭር ነው። የተሰፋው ቆዳ በሙቀትና በእርጥበት ይለሰልስና የእግር ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ ይወጠራል፤ ጠርዙ ወደ ታች ታጥፎ በማስቲሽ ይጣበቃል። እዚህ ላይ የተቻኮለ ፋብሪካ ቅርጹን የማይዝ ጫማ ያወጣል፤ እኔ ከስፌቱ ይልቅ ይህን ነው የማየው።

ሶሉም ጣሊያናዊ ታሪክ አለው። በአውሮፓውያኑ 1935 ስድስት ተራራ ወጪዎች በከፊል በጫማቸው ምክንያት ሲሞቱ፣ ጓደኛቸው ቪታሌ ብራማኒ ጥርሳም የጎማ ሶል ፈጠረ፤ ቪብራም የተባለውን የሶል ኩባንያ የመሠረተው እሱ ነው። ጎማው ግን የተፈጥሮ ከሆነ፣ ዛፉ አውሮፓ ውስጥ አይበቅልም፤ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ይመጣል። «መቶ በመቶ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ይህችን ጠይቁት።