ዳማከሴ፦ አተካከሉና አያያዙ

ዳማከሴ በብዙ ሰው ጓሮ ከጤናዳምና ከበሶብላ ጎን ይታያል። ይሁን እንጂ አብዛኛዎቻችን የምናስታውሰው ምች ሲመታን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት ሄደን ቅጠል እንለምናለን። ነገ በየገጠሩ ተመድበን የትምህርት ቤት ጓሮ የምንረከብ እጩ መምህራን ግን ከዚህ አልፈን ልናውቀው ይገባል።

ተክሉ ከበሶብላ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ናናና ጦስኝም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ንብ ለመሳብ በየጓሮው የሚተከለው ሞናርዳም እንደዚሁ ዘመዱ ነው። ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የረከሰ የትምህርት መርጃ የት ይገኛል! ለጋውን ቀንበጥ በጣት ሲይዙት አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ አንዱ ጥንድ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ቢያይ ከላዩ ያለው ወደ ሰሜንና ደቡብ ያያል። አበባው ሁለት ከንፈር አለው። ወንዴዎቹ በታችኛው ከንፈር ላይ ስለሚጋደሙ የጽጌው ብናኝ የሚነካው የንቧን ሆድ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ስለ ርክበ ብናኝ ሰሌዳ ላይ ቢሳልለትም ባይሳልለትም ግድ የለውም።

በዘርም ይበቅላል። እኔ ግን ቁርጥራጩን እመርጣለሁ፤ ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ በእኛ አገር ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል። በጣም ያልለመለመ፣ በጣምም ያልጠነከረ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይቆረጣል። የታች ቅጠሎቹ ይራገፉና ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ይተከላል። ሥር እስኪይዝ ድረስ ከፀሐይ ይከለል። በሚዛንም ሆነ በቴፒ የሚያስቸግረው የውኃ ማነስ ሳይሆን የውኃ መብዛት ነው፤ ውኃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከፍ ማድረግና ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። በደንብ የተብላላ የቡና ገለባ ቢጨመርለት ይስማማዋል። ቡና ሥር ጥላ ውስጥ ከመወሸቅ ግን ብርሃን የሚያገኝ ዳር ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ምች የሚባለው ትኩሳትና ራስ ምታት ነው፤ ከንፈርም ይቆስላል። ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ገላ ይቀባል፣ ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ተደርጎ ይጠጣል። ታዲያ የወባም አጀማመር እኮ ትኩሳትና ራስ ምታት ነው! በ2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት በጊዜ ካልታከመ በጥቂት ቀናት ይገድላል። «ምች ነው፣ ይተወዋል» እየተባለ ሁለት ሦስት ቀን በቅጠል ሲታሽ የሚቆይ ልጅ ያለው ጊዜ ይኸው ነው። ትኩሳት የያዘው ተማሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን መመርመር አለበት። እናቶችን «ዳማከሴ ተዉ» ብንላቸው ግን ማን ይሰማናል? «ዳማከሴውንም ያዙ፣ ልጁን ግን አሁኑኑ ጤና ኬላ ውሰዱት» ብንል ሳይሻል አይቀርም።

ወደ አያያዙ እንመለስ። ቁጥቋጦው ዓመታት ይቆያል። ካልተገረዘ ግን ከሰው ቁመት ይበልጥና ቅጠሉ ይሳሳል። የሚገረዘው አበባው ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ እግር ካለ ሁሉንም ባንድ ቀን መመልመል ጥሩ አይደለም፤ ንቦች ይመላለሱበታልና። እርግጥ ጥቂት ዳማከሴ ቀፎ አይሞላም። የአካባቢያችን ማር የሚገኘው ከገተም፣ ከብሳና፣ ከግራዋና ከራሱ ከቡናው አበባ ነው። ሆኖም ንብ ለቡናው ባለውለታ ናት፦ ቡና በራሱ ብናኝ ሊያፈራ ቢችልም ንብ ስትጎበኘው አብዝቶ ፍሬ ይይዛል። በዳማከሴ ላይ ፀረ ተባይ መርጨት ፈጽሞ አይገባም። ንቧ ትሞታለች፤ ቅጠሉም ነገ በሰው አፍንጫና በቡና ስኒ ውስጥ የሚገባ ነው። ትል ከታየ ጠዋት ጠዋት በእጅ ይለቀማል።