«እዚህ ከተማ ሙዚቃ የት ነው የማገኘው?»

ባለፈው ዓመት አሶሳ ውስጥ ጀበና ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ልጅ «እዚህ ከተማ ሙዚቃ የት ነው የማገኘው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቅዳሜ ማታ ስፒከር የሚጮህባቸውን ሁለት ቤቶች ነገርኩት። ሳቀብኝ። «እሱማ ቦሌም ሞልቷል። እኔ የጠየቅኩህ የእናንተን ነው» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ተወልጄ ያደግኩት አሶሳ ነው። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፤ ስለ ቱሪዝም ገቢ ፈተና ላይ ስንት ገጽ ጽፌያለሁ። ይኸው አንድ እንግዳ ገንዘቡን ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ፊቴ ተቀምጦ፣ የማሳየው ነገር አጣሁ።

ማታ ስልኬን ይዤ ሌሎች ከተሞች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሱት መፈለግ ጀመርኩ። ቀላሉን መልስ ያገኘሁት ከእንግሊዟ ሊቨርፑል ነው፦ አውቶብስ። ሊቨርፑል ቢትልሶች ያደጉባት ከተማ ናት። ቱሪስቱ በቀለም ባሸበረቀ አውቶብስ ይሳፈራል፤ አስጎብኚው እያወራ፣ ዘፈኑ እየተከፈተ ሁለት ሰዓት ያህል ይዞራል። የሚያየው ቤተ መንግሥት እንዳይመስላችሁ። ፔኒ ሌን የሚባል መንገድ፣ የስትሮቤሪ ፊልድ በር፣ ሙዚቀኞቹ ያደጉባቸው ተራ ቤቶች ናቸው። ጉዞው የሚያበቃው ባንዱ ይጫወትበት በነበረው ካቨርን ክለብ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የክለቡ ታሪክ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ካቨርን ተዘጋና ለምድር ባቡር አየር ማስወጫ ተብሎ ፈረሰ። አየር ማስወጫው ግን እዚያ አልተሠራም። በ1984 ከአሮጌዎቹ ጡቦች ብዙዎቹን ተጠቅመው እዚያው መልሰው ሠሩት። አፈረሱ፣ ቆጫቸው፣ ከፍለው መልሰው ገነቡ። ዛሬ አውቶብሱ የሚቆመው እዚያ ነው።

የራሴ ዙር

ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለጉዳይ የሄድኩ ጊዜ አንድ ቀን ጨምሬ የራሴን የሙዚቃ ጉብኝት ሠራሁ። አስጎብኚ የለም። የከተማ አውቶብስ፣ ታክሲ፣ እግርና የጆሮ ማዳመጫ ብቻ።

ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቴአትር ጀመርኩ፤ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። እዚህ ጋ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚጥም ታሪክ አለ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ሞኖፖሊ ማለት ይኼ ነው። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣት አዋጁን ተጋፍቶ አምሃ ሬከርድስን ጀመረ። ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበር፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ። የመጀመሪያው ሸክላ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የተባለው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በስድስት ዓመት ገደማ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳተመ። ዛሬ የውጭ ሰው «ኢትዮጲክስ» በሚባለው ተከታታይ አልበም የሚሰማው ሙዚቃ ብዙው የዚያ ልጅ ድፍረት ውጤት ነው።

ከዚያ ጣይቱ ሆቴል። እዚያ የነበረው ጃዛምባ የጃዝ ቤት ጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ በደረሰው ቃጠሎ ወድሟል። በቸርችል ጎዳና ወርጄ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን ብሔራዊ ቴአትር፣ ቀጥሎ ራስ ሆቴልን አየሁ። ራስ ሆቴል አይቤክስ ባንድ ይጫወትበት የነበረ ቤት ነው። «እሬ መላ መላ»ን ከማህሙድ አህመድ ጋር የሠሩት እነሱ ናቸው። ዘፈኑን በጆሮዬ ከፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ወጣ፣ ገባ። የሚተርክልኝ ግን አልነበረም። ሌላ በር ላይ ደግሞ ጥበቃው «ፎቶ ክልክል ነው» ብሎ መለሰኝ።

መስቀል አደባባይን አቋረጥኩ። በ1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ልደት ኮንሰርት የተካሄደው እዚያ ነው። መጨረሻዬ ካዛንቺስ ነበር፤ የአዝማሪው ቤት ፈንዲቃ የነበረበት። መላኩ በላይ አዝማሪን፣ እስክስታንና ጃዝን አንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘበት ቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ካቨርን ትዝ አለኝ።

ከተማ መታደስ የለበትም የሚል ክርክር የለኝም። ግን ሒሳቡ ውስጥ የማይገባ ነገር አለ። የመሬቱ ዋጋ ይሰላል፤ የቤቱ ስም ዋጋ አይሰላም። ስሙን እንግዳ ከሩቅ ይዞት ይመጣል፤ ቤቱን ሲያጣ ሻዩን ሳይጠጣ፣ ታክሲውን ሳይዝ ይመለሳል።

አሶሳ ላይ ብናስበውስ?

እኛ ጋ ሸክላ ቤት የለም፤ የታወቀ ክለብም የለም። ያለን ዙምባራ ነው። ለማታውቁት፦ የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አንዱ ዙምባራ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ትልቁ ወፍራሙን፣ ትንሹ ቀጭኑን። ዜማው የሚመጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ብቻውን የሚዘፍን የለም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከአሶሳ ወጣ ያለ ሰርግ ላይ ቡድኑ ሲነፋ ዜማው ቦታ ቦታ ላይ ባዶ ይሆንብኝ ነበር። አንዱን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። አንደኛው ነፊ ታሞ ቀርቷል አሉኝ። «አባባ፣ ሌላ ሰው አይተካውም?» አልኩ። «ልጄ፣ ቅሉማ አለ። የሚነፋው ነው የሌለው» አሉኝ። በዙሪያቸው ስልክ ደግነን የምንቀርፅ ወጣቶች ከነፊዎቹ እንበዛ ነበር። እኔም አንዱ ነኝ።

ስለዚህ ወረቀት አወጣሁና ደመርኩ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ፣ በሰው 600 ብር፤ ሲሞላ 7,200 ብር። ለመኪናው 3,500፣ ለአስጎብኚው 1,000፣ ለነፊዎቹ 2,000። 700 ብር ይተርፋል። 8 ሰው ብቻ ከመጣ ግን ገቢው 4,800 ነው፤ 1,700 ብር ከኪስ ይወጣል። መኪናውና ነፊው ሰው ቀነሰ ብለው አይቀንሱም። ሥራው የሚቆመው ወይ የሚወድቀው በአራት ወንበር ነው።

ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በክልላችን ባለፉት ዓመታት የነበረው ግጭት እንግዳ አርቋል፤ ሰላም ከሌለ ሚኒባሱ አይነሳም። ግን ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ «ወደ እናንተ መምጣት እፈልጋለሁ» የሚሉኝ ጓደኞች በዝተዋል። ሲመጡ ምን እናሳያቸው?

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ለእኔ ትልቁ መስመር የተረፈው 700 ብር አይደለም፤ 2,000ው ነው። ሊቨርፑል ጡብ ሰብስባ ክለቧን መልሳ ሠራች። የእኛ ቤት ሰው ነው፤ ሰው ከሄደ በጡብ አይመለስም። ዙምባራ መንፋት ከሰርግ ሰርግ የሚጠበቅ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚከፈልበት ሥራ ቢሆን፣ ስልክ ከደገንነው ውስጥ አንድ ሁለታችን ቅሉን እናነሳ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለዚያ ልጅ በቅርቡ በቴሌግራም ጻፍኩለት፦ «ሙዚቃውን አግኝቼልሃለሁ። ስትመጣ ግን ቀደም ብለህ ደውል፤ ብዙ ሰው መሰብሰብ አለበት። አንድ ከጎደለ ዜማው አይሞላም።»