የጥሪት መጋቢን ስለ መመርመር

ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በአንድ ሰንበት፣ ከቅዳሴ ተመልሰን ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የሌሊት ተራ ሲሠሩ የኖሩ፣ እኔም እትዬ የምላቸው አንዲት ዘመዴ ከቦርሳቸው ወፍራም ፖስታ አውጥተው በፊቴ አኖሩ። በውስጡ የነበረው፣ በመሥሪያ ቤታቸው በኩል ከደመወዛቸው እየተቀነሰ የተጠራቀመውን፣ ሰው ሁሉ ፎር ኦ ዋን ኬ የሚለውን የጡረታ ቁጠባ በሙሉ ወደ ሌላ ድርጅት ለማዛወር የተዘጋጀና ፊርማቸውን ብቻ የሚጠብቅ ውል ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰውየው ያገራችን ልጅ ነው፤ ከእኛው ጋር ያስቀድሳል። ስንት ትወስዳለህ ብዬ ብጠይቀው ነውር አይሆንብኝም?»

በባዕድ ምድር ላባቸውን አፍስሰው ለእርጅናቸው ጥሪት የያዙ ብዙ ወገኖቻችን ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው ይዘው፣ አፍረው ሳይጠይቁ ይፈርማሉና፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ማመን መልካም ምግባር ነው፤ ነገር ግን ዐደራ የሚሰጥ ሰው ዐደራ ተቀባዩን ቢመረምር፣ መመርመሩ የመተማመን መሠረት እንጂ የመተማመን ጠላት አይደለም።

መጀመሪያ የሚመረመረው ምግብናው ነው። በግእዙ መጋቢ የሚባለው የጌታውን ንዋይ ለጌታው ጥቅም የሚያስተዳድር ሰው ሲሆን፣ የአሜሪካ ሕግ ፊዱሺያሪ የሚለውም ባለዐደራ ከዚሁ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣውን የመዋዕለ ንዋይ አማካሪዎች ሕግ መሠረት አድርጎ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በሰጠው ፍርድ፣ አማካሪ የደንበኛውን ጥቅም የማስቀደም ዐደራ እንዳለበትና ከደንበኛው ጥቅም ጋር የሚጋጭ የራሱ ጥቅም ቢኖር ሳይሸሽግ መግለጥ እንደሚገባው አጽንቷል። ይሁን እንጂ በካርዱ ላይ «የፋይናንስ አማካሪ» ብሎ ያሳተመ ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር አይደለም። የመዋዕለ ንዋይ ሰነድ እያሻሻጠ በኮሚሽን የሚያድር ደላላ በሌላ ደንብ ይተዳደራል፤ ከ2020 ጀምሮ ምክር በሚሰጥበት ሰዓት የደንበኛውን ጥቅም እንዲያስቀድም ቢታዘዝም፣ ከሽያጩ በኋላ ነገሩን እየተከታተለ የመጠበቅ ግዴታ ግን በአብዛኛው የለበትም። ኢንሹራንስ ሻጩም በየስቴቱ የኢንሹራንስ ሕግ ይገዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «በምትመክረኝ ነገር ሁሉ፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ባለዐደራዬ ነህን? ይህንስ በጽሑፍ ትሰጠኛለህን?» የሚል ይሁን።

ሁለተኛው የዋጋው ነገር ነው። አንዳንዱ ከሚያስተዳድረው ገንዘብ ላይ በየዓመቱ በመቶኛ ይወስዳል፤ አንዳንዱ በሰዓት ወይም በቁርጥ ዋጋ ይሠራል፤ አንዳንዱም ከሚሸጠው ሰነድ ኮሚሽን ይቀበላል። በመቶ አንድ ሲባል ለጆሮ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በፖስታው ጀርባ ላይ ለእትዬ እንዲህ ብዬ አሰላሁላቸው። 100,000 ዶላር በዓመት 6 በመቶ እያፈራ 30 ዓመት ቢቀመጥ ወደ 574,000 ዶላር ይደርሳል፤ ከዚያው ፍሬ በየዓመቱ አንድ እጁ ለአማካሪው ቢሄድና 5 በመቶ ብቻ ቢቀር፣ የሚገኘው ወደ 432,000 ዶላር ነው። በመካከሉ የጎደለው 142,000 ዶላር መጀመሪያ ካስቀመጡት ገንዘብ ይበልጣል። እትዬ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አዩና ስኒያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። ይህን ስል ዋጋ የሚቀበል ሁሉ በዳይ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግብሩን የሚያቃልል፣ ኑዛዜውን የሚያስተካክል፣ ገበያው ሲናወጥ ሰው ደንግጦ እንዳይሸጥ የሚያጸና አማካሪ ለደመወዙ የተገባ ነው፤ የሚከፈለው ግን ታውቆ ይከፈል። የእትዬን ውል ስንገልጥ አኑዩቲ የሚባለው የኢንሹራንስ ውል ሆኖ ተገኘ፤ በውስጥ ገጹም በደቃቅ ፊደል፣ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ከተፈቀደው በላይ ገንዘብ ያወጣ ሰው ቅጣት እንደሚከፍል ተጽፎ ነበር።

ሦስተኛው ገንዘቡን በእጁ የሚይዘው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። አባቶቻችን በዕቁብ ሥርዐታቸው ዳኛውን ለብቻ፣ ጸሐፊውን ለብቻ፣ ገንዘብ ያዡንም ለብቻ ያቆሙት ማንንም በሌብነት ጠርጥረው ሳይሆን፣ የሚጽፍ እጅና የሚይዝ እጅ አንድ ሲሆን ፈተናው እንደሚጸና ስለሚያውቁ ነው። በኒው ዮርክ በርናርድ ማዶፍ፣ የናስዳክ ገበያ ሊቀ መንበር እስከ መሆን የተከበረ ሰው፣ የደንበኞቹን ገንዘብ ራሱ ያስተዳድር፣ ራሱ ይይዝ፣ የሒሳቡንም መግለጫ ራሱ ይልክ ነበር። በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. ሲያዝ፣ በወረቀት ላይ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው ሀብት አብዛኛው በብዕር ብቻ የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ፤ በ2009ም 150 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ትርፉ ገበያው ሲወጣም ሲወርድም ሳይናወጥ የሚመጣ መምሰሉ ሊያስጠረጥር ሲገባው፣ ብዙዎችን የሳበው ይኸው ነበር። እንግዲህ ገንዘቡ ከአማካሪው ተለይቶ በታወቀ ሌላ ድርጅት ዘንድ መቀመጡንና የሒሳቡ መግለጫ ከዚያው ድርጅት በቀጥታ መምጣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ዝምድናም ለዚህ ዋስ አይሆንም። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይና የገበያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 በሜሪላንድ ባቀረበው ክስ፣ ተከሳሾቹ ብዙዎቹ አፍሪካውያን ስደተኞች ከሆኑ 1,200 ያህል ሰዎች ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ በማታለል እንደ ሰበሰቡ ገልጿል። አንድ ቋንቋ፣ አንድ አገር፣ አንድ ጸሎት ሰውን ሲያቀራርቡ፣ ያንኑ መቀራረብ ማጥመጃ የሚያደርግ እንዳለ ማስተዋል ይገባል።

አራተኛው ታሪኩን ማየት ነው፤ ይህም ያለ ምንም ክፍያ ይገኛል። የተመዘገበ የመዋዕለ ንዋይ አማካሪ ድርጅት ፎርም ኤ ዲ ቪ የሚባል ሰነድ ለመንግሥት ያቀርባል፤ በሁለተኛው ክፍሉ ዋጋውን፣ የጥቅም ግጭቱንና የደረሰበትን ቅጣት በግልጥ ቋንቋ እንዲጽፍ ታዟል። ስለ ደላሎችም ፊንራ የሚባለው ተቆጣጣሪ ብሮከር ቼክ በተባለው መዝገቡ የእያንዳንዱን ፈቃድና የቀረበበትን አቤቱታ ለሚጠይቅ ሁሉ ያሳያል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አረጋውያን ቢኖሩ፣ ልጆቻቸው በአንድ ምሽት ሊያነቡላቸው ይችላሉ።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ አማካሪው ስለ ሸቀጡ ከመናገሩ በፊት ስለ ደንበኛው ኑሮ መጠየቁ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚያበቃውን 40 ነጥብ፣ ማለት የ10 ዓመት ያህል ሥራ፣ አሟልተሃልን? አሠሪህ ለፎር ኦ ዋን ኬ የሚጨምርልህን ሁሉ ትቀበላለህን? ለእናትህ በየወሩ ስንት ትልካለህ? እርጅናህን እዚህ ወይስ በአገርህ ልታሳልፍ ታስባለህ? ይህን ሳይጠይቅ መድኀኒቱን የሚያዝ፣ በሽተኛውን ሳያይ እንደሚያክም ሐኪም ነው። ይህም ለስደተኛው ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ተመሥርቶ፣ የመዋዕለ ንዋይ አማካሪነትም ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ሆኗልና፣ ነገ እነዚሁ ጥያቄዎች በአዲስ አበባም ይጠየቃሉ።

እትዬ ጥያቄዎቹን በፖስታው ጀርባ አስጽፈው በሚቀጥለው ሰንበት ለሰውየው አቀረቡለት። እርሱም «እትዬ፣ እኔን አላመኑኝም?» ብሎ ከመቀየም በቀር በጽሑፍ የሰጣቸው መልስ አልነበረም፤ እሳቸውም ውሉን ሳይፈርሙ መለሱለት።

በዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሰንበት፣ በገብር ኄር ዕለት የሚነበበውን የመክሊት ምሳሌ ሳስብ ይህ ነገር ይታወሰኛል። ጌታው ተመልሶ አገልጋዮቹን ሲተሳሰብ፣ ታማኞቹ የተቀበሉትንና ያተረፉትን በፊቱ አቀረቡ እንጂ አልተቀየሙም፤ ስለ ሒሳቡ ፈንታ ጌታውን የነቀፈው መክሊቱን በምድር የቀበረው ብቻ ነበር።